ወደኛ የዞረ መብራት

የማስተርስ አማካሪዬ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ይሄን ከጅምሩ ብናገር ይሻላል፤ አለዚያ ሌላ ሰው ነግሯችሁ ይስቅብኛል። በኔ የሚሳቅ ከሆነ ደግሞ ቀድሜ መሳቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ሳስተምራት ከፊት ወንበር ተቀምጣ የማልችለውን ጥያቄ እየጠየቀች ታስጨንቀኝ ነበር። «እሱን ወደፊት ትደርሽበታለሽ» እያልኩ አልፋታለሁ። እውነትም ደረሰችበት። ዶክተር ሆና ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እኔም ፀጉሬ ሸሽቶ ካለቀ በኋላ ተማሪዋ ሆኜ ከች አልኩ።

መጀመሪያ ቀን ቢሮዋ ስገባ ማን ማንን አንቱ እንደሚል ግራ ገባን።

«መምህር፣ ይቀመጡ» አለች ብድግ ብላ።

«ኧረ ዶክተር፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

«እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

«እርስዎ ሳይቀመጡ እኔስ እንዴት አድርጌ?»

እንዲህ እየተባባልን የመጀመሪያው ምክክራችን ሁለታችንም እንደቆምን አለቀ።

ሥራዬ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ አትፍሩ፣ እኔም ፈርቼ ነው የጀመርኩት። ጋላክሲ የከዋክብት መንጋ ነው። መንጋዎቹ ደግሞ ሰማይ ላይ እንደ ተዘራ ጤፍ እኩል አልተበተኑም። አንዱ ጋ ተከማችተዋል፣ አንዱ ጋ ሳስተዋል፣ በመሃል በቀጭኑ ተሰልፈዋል። የገበያ ቀን ወገዳን ከሩቅ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ከተማው ላይ ሕዝብ ይታጨቃል፣ ወደ ከተማው በሚወስዱት መንገዶች ላይ ሰው ይንጠባጠባል፣ ከመንገዱ ውጭ ያለው ማሳ ባዶውን ነው። ክምችቱ ባለበት አይቆምም፣ ያድጋል። የሞላው ይስባል፣ የተሳበው ይሞላል። የኔ ሥራ ክምችቱ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ መለካት ነበር።

እንዴት ይለካል አትሉም? ጋላክሲ ወደ ክምችቱ ሲሮጥ ሩጫው የብርሃኑን ቀለም ትንሽ ይቀይረዋል። እኛ ደግሞ ርቀቱን የምንገምተው ከዚያው ከቀለሙ ነው። ስለዚህ ከክምችቱ ወዲህ ያለው ጋላክሲ ከእኛ እየራቀ ስለሚሮጥ ከቦታው ወዲያ ሆኖ ይታየናል፤ ከክምችቱ ወዲያ ያለው ወደኛ ስለሚሮጥ ወዲህ መጥቶ ይታየናል። ክቡ ክምችት እኛ በምናይበት አቅጣጫ እንደ ድፎ ዳቦ ተጨፍልቆ ቁጭ ይላል። በጣም ከተጨፈለቀ እድገቱ ፈጣን ነው፤ ትንሽ ብቻ ከተጨፈለቀ ዝግተኛ ነው። አለቀ። ይቺን ለመረዳት እኔ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ በአንድ አንቀጽ ስለጨረሳችሁ አትኩራሩ።

አማካሪዬ መጀመሪያ የሰጠችኝ እውነተኛውን ሰማይ አይደለም፤ ኮምፒውተር የሠራውን የውሸት ሰማይ ነው። የውሸቱ ሰማይ ጥሩነቱ መልሱ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ዘዴዬ ያንን መልስ ካገኘ ወደ እውነተኛው ያሳልፈኛል፤ ካላገኘ የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ደግሞም የሰማዩን ጋላክሲ ሁሉ መለካት ስለማይቻል መርጠን ነው የምንለካው። መምረጫችን ቀላል ናት። ጋላክሲው መሃል ላይ ትንሽ ክብ እናስቀምጣለን፤ በክቧ ውስጥ በቂ ብርሃን ካለ «ግባ»፣ ከሌለ «በል ሂድ»።

መረጥኩ፣ ለካሁ፣ አነሰ። ደግሜ ለካሁ፣ አሁንም አነሰ። ሰማዬ ከሚገባው በታች የሚያድግ ሰነፍ ሰማይ ሆኖ ተገኘ። ለባለቤቴ ነገርኳት።

«በአንተ ወጥቶ ነዋ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ሳቅኩ እንጂ ሆዴ ሌላ ነበር። አገሬ ጋይንት ውስጥ ስሜ የሚነሳው በጅምር ነው። ልጅ ሆኜ የድጓው ደብር ቤተ ልሔም አጎቴ ዘንድ ድጓ ጀምሬ፣ ሳልዘልቅ ወደ አስኳላ ሄድኩ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ የኔታ ነው የምላቸው እስከ ዛሬ። የጀመርኩት አጥር፣ የጀመርኩት ንብ፣ የጀመርኩት ጊታር፣ ሁሉም ቤቴ ጓሮ ተኝተው ያዩኛል። የትምህርት ጊዜዬም ተራዝሞ ተራዝሞ ከዚህ ወዲያ የሚራዘምበት አልነበረም። እስከ ሰኔ ጥናቴን ካላቀረብኩ ምዝገባዬ ይሰረዛል፤ አለቀ፣ ማስተርሱም ወደ ጓሮ ይሄዳል።

«መምህር» አለችኝ አማካሪዬ፣ በጣም ሲከፋት እንደምታደርገው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ማቅረብ አንችልም። ትንሽ አርፈው ይምጡ እስቲ። አገር ቤት ንግሥ የለም?»

ነበረ። ጥር ሃያ አንድ፣ የማርያም ንግሥ፣ እናት አባቴ ቤት፣ አሁን እታለም በምትኖርበት። እታለም ታላቅ እኅቴ ናት። የሰፈሩን እንግዳ አብዛኛውን የምትቀበል እሷ ናት፤ ድግሷም ቀልድ አያውቅም።

እኛ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ቤታችን ገደል ጫፍ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ወንዝ የሚወርድበት ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ ከስማዳ የሚያመጣው ቁልቁለት። የስማዳ ዘመዶቻችን ለቅዳሴ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ያንን ቁልቁለት ይወርዱታል። ታዲያ የንግሥ ዕለት ጎሕ ሳይቀድ አንድ ሰው ጫፉ ላይ ወጥቶ ማዶ ያለውን መብራት እያየ ስንት እንግዳ እንደሚመጣ ወደ ቤቱ ይጮኻል፤ ድግስ ቤቱም በዚያ ልክ ይጨምራል ወይ ይተዋል። ድሮ አባቴ ነበር የሚያየው፤ ሲሳሳት አላስታውስም። አንድ ጣጣ ብቻ አለ። ከወንዙ ወዲያ ሌላ ማርያም አለች፤ የእሷም ንግሥ ያው በዚያው ቀን ነው። ቁልቁለቱን የወረደ ሁሉ ወንዙ ጋ ሲደርስ ወይ ወደኛ ይወጣል፣ ወይ ወንዙን ተከትሎ ወደዚያችኛዋ ይታጠፋል።

«ዘንድሮ ማን ይይ?» አለች እታለም።

«ምን ትጠይቂኛለሽ» አሉ የኔታ፣ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው። «ኮከብ ቆጣሪ ቤትሽ ተቀምጦ!»

«ኮከብ አይደለም፣ የኔታ፣ ጋላክሲ ነው።»

«በል ጋላክሲህን ይዘህ ውጣ።»

ወጣሁ። ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ምንም አልቀረው። ማዶውን ሳየው ደነገጥኩ፤ ቁልቁለቱ ከላይ እስከ ታች መብራት በመብራት ነው። ሁሉም እየተብለጨለጨ ዓይኔን ይወጋኛል። ወንዙን ተከትሎ ወደዚያችኛዋ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ጨለማ ብቻ! አንዲት ብልጭታ የለችም። እንደ ሳይንቲስት አሰብኩ። ወደዚያ የሚሄድ ማንም የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ወደኛ ነው። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ለቀቅኩት፦

«እታለም! የስማዳ ሰው አንድም አልቀረም! ጨምሪ! ጨምሪ!»

«በግ ልጨምር ወይስ ወጥ?»

«በግም ወጥም!»

«ርግጠኛ ነህ?»

«የተማርኩት ይሄንኑ አይደል!»

በግ ታረደ። ከጎረቤት እንጀራ ተለመነ። ጋን ጠላ በሰው ጫንቃ መጣ። ፀሐይ ወጣች፣ ቅዳሴ አለቀ፣ ታቦቱ ወጣ፣ ዘፈኑ ቀለጠ፣ ታቦቱ ገባ። እንግዶቻችን መጥተው ተቀመጡ። ዳሱ ግማሹ ባዶ ነበር።

የእታለምን ፊት አልገልጸውም። እሷ ባዶውን መደብ እያየች ድስቱን ከደነችው፤ ያ ነው ክፋቱ። የኔታ ግን አላሳለፉኝም። አጥንታቸውን ይዘው፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ፦

«በቢሊዮን የሚቆጠር ከዋክብት እቆጥራለሁ ብሎ፣ ስማዳ ሲደርስ ቁጥር አለቀበት!»

«የኔታ፣ መብራቱን ባዩት ኖሮ...»

«እኔማ ባየው ኖሮ አልጮህም ነበር። በል ብላ፤ ያስጨመርከውን አንተው ጨርስ።»

እየበላሁ ሳለሁ ወደ ማታ ገደማ የስማዳ አማቻችን ብቅ አለ። የአጎታችንን ልጅ ያገባ፣ ጥርሱ ከሩቅ የሚታይ ሳቂታ ሰው ነው። ከዚያችኛዋ ማርያም ዘፍኖ፣ ጠጥቶ፣ ለሰላምታ ብሎ ነው የመጣው።

«አንተ» አልኩት፣ «ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ አላያችሁኝም? መብራታችሁ ሁሉ እኔ ላይ ነበር!»

«ኧረ ይታያል ቤታችሁ! ቁልቁለቱን ስትወርድ መንገዱ እንደው ፊትህን ወደ እናንተ ነው የሚያዞርህ። ከዚያ ወንዙ ጋ አብዛኞቻችን ታጠፍን።»

«ስትታጠፉማ መብራት አላየሁም።»

«መብራቱ ከፊታችን ነዋ! ይኸው» ብሎ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣው፤ መብራቱ ወደ ፊት እንዲያበራ አድርጎ እዚያው እንደሰካው ነበር የዋለው። «ስታጠፍ አብሮኝ ታጠፈ። ጎኔ መብራት አለው እንዴ?»

ዳሱ ሳቀ። እኔ ቁራጭ ሥጋ ይዤ አፌ ጋ ሳላደርሰው ቀረሁ።

አባቴ ያየው የነበረው ችቦ ነው። ችቦ ፊትና ጎን የለውም፤ የያዘው ሰው ወደኛም ይምጣ፣ ወደዚያም ይታጠፍ፣ ነበልባሉ እኩል ይታያል። የስልክ መብራት ግን ወደ አንተ ሲዞር ፀሐይ፣ ጎኑን ሲሰጥህ ጨለማ ነው። እኛ መብራቱን ቀየርንና ልማዱን መቀየር ረሳን። እኔ ደግሞ ያየሁት ሕዝቡን አልነበረም፤ ወደኔ የዞረውን ብቻ ነበር። ወደኔ የዞረውን ብቻ አይቼ፣ መንገዱ ሁሉ ወደኔ ነው አልኩ።

ጋላክሲስ? ብዙው ጋላክሲ እንደ ድንች ሞላላ ነው። ጫፉን ወደኛ ካዞረ ብርሃኑ ሁሉ መሃሉ ላይ ተደራርቦ በመምረጫዬ ክብ ውስጥ ይሞላል፤ «ግባ» እለዋለሁ። ያንኑ ድንች ጎኑን ብታዞረው ብርሃኑ ተዘርግቶ ከክቧ ውጭ ይቀራል፤ «በል ሂድ»። እዚህ ላይ ብቻ ቢቀር ግድ አልነበረም። ግን ጋላክሲ እንደፈለገ አይዞርም፤ የአካባቢው ስበት ይጎትተውና እንደ ገበያተኛ በተሰለፈበት መንገድ ርዝመት ይተኛል። ስለዚህ ጫፋቸውን ወደኛ ያዞሩትን መርጬ ስሰበስብ፣ ሳላውቀው ወደኛ የሚመጡትን መንገዶች ነው መርጬ የሰበሰብኩት። ክምችቶቼ በምናይበት አቅጣጫ ተጎትተው ረዘሙ። ሩጫው በጨፈለቀበት በዚያው አቅጣጫ እኔ አስረዘምኩት! የተጨፈለቀውን ዳቦ እኔው መልሼ አነሣሁትና «ይሄ ክምችት እኮ አያድግም» እያልኩ ሳማው ኖርኩ።

«ምነው፣ አነቀህ?» አለች እታለም። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«ሰማዬ ሰነፍ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

«ጠላውን ቀንሱለት» አሉ የኔታ።

ኔትወርክ ያለው ጫፉ ላይ ስለሆነ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ በእድሜዬ ሩጫ የሚባለውን። አማካሪዬ ስልኩን ስታነሳ እያለከለክሁ ነበር።

«መምህር! ምን ሆኑ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«በግ ነው የሞተው! ዶክተር፣ መምረጫችን! ክቧ! ጫፉን ወደኛ ያዞረውን ብቻ ነው የምታስገባው!»

ብዕር ስትፈልግ ይሰማኛል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች እንዲህ ብዕር ካነሳች ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ እፈራው ነበር።

«አቅጣጫ ያለው ምርጫ...» አለች ቀስ ብላ። «ጋላክሲዎቹ ደግሞ ከመዋቅሩ ጋር የተሰለፉ ናቸው። መምህር፣ ታዲያ ይሄን እንዴት እንፈትነዋለን?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዋን መለስኩላት። «ችቦ እናደርጋቸዋለን! በመሃላቸው ብርሃን ሳይሆን በጠቅላላ ብርሃናቸው እንምረጣቸው። ያኔ ወዴትም ቢዞሩ ለውጥ የለውም። እድገቱ ወደ ትክክለኛው ከተመለሰ ሌባው ተያዘ።»

«ዛሬውኑ ይምጡ!»

«ዛሬ መኪና የለም፤ ደግሞ ያስጨመርኩትን ሥጋ ጨርስ ተብያለሁ።»

ስመለስ በደብረ ታቦር አውቶቡስ ውስጥ የሥጋ ቋጠሮ ጭኜ ነበር፤ እታለም ለቅጣት ያሸከመችኝ። አማካሪዬም ተካፍላለች፣ ስለዚህ በሕግ ተባባሪ ናት።

ፈተናው የምታስቡትን ያህል ቶሎ አላለቀም። የውሸቱን ሰማይ እንደ አዲስ መምረጥ፣ ኮምፒውተሩን መለመን፣ መብራት ሲጠፋ እንደገና መጀመር። በመሃል አንዴ ጭራሽ ባሰበትና ባለቤቴን «ተይው፣ ጓሮ ቦታ አለ» አልኳት። እሷ ደግሞ «ጓሮው ሞልቷል፤ ወደ ሥራህ» ብላ ላፕቶፑን እግሬ ላይ አስቀመጠችው። ስሕተቱ የኔው ነበር፤ ድንቾቹን በስንፍና ወደተሳሳተ አቅጣጫ ነበር ያዞርኳቸው። አስተካከልኩ።

ቁጥሩ የወጣው ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮዋ ውስጥ ነው። በመሃል ብርሃን ስንመርጥ፣ ያው አነስተኛው። በጠቅላላ ብርሃን ስንመርጥ፣ እድገቱ ልክ የታወቀው መልስ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያም የጋላክሲዎቹን አሰላለፍ ለክተን፣ ምርጫችን ምን ያህል እንደሚያስረዝም አስልተን ከመጀመሪያው ልኬት ላይ ስንቀንሰው፣ እሱም መጥቶ እዚያው ተቀመጠ። በሁለት መንገድ፣ አንድ ቦታ። ሁለታችንም ቆመን ነበር፤ ማንም ማንንም ይቀመጡ አላለም። እሷ አጨበጨበች። እኔ እልል አልኩ። ወንድ እልል አይልም አትበሉኝ፤ ከጎን ቢሮ ያሉት ሰርግ መስሏቸው መጡ።

ሰኔ ላይ አቀረብኩ። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣለች። የኔታ ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ቁጭ ብለዋል፤ «ስታቋርጥ ለማየት ነው የመጣሁት» ብለውኛል። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ብዙ የማይስቁ ሰው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

«የጋላክሲ አቅጣጫ እንዲህ ያለ ስሕተት እንደሚያመጣ እንዴት ጠረጠሩ?»

«በግ አሳርጄ።»

ሳቅ ሆነ። መጋረጃው ይዘጋ አልኩ። አንድ ጧፍ አበራሁ፣ ስልኬንም አበራሁ፤ ሁለቱንም ይዤ በክፍሉ ዳር ለዳር ሄድኩ። ወደ እሳቸው ስዞር ስልኩ ዓይናቸውን አስጨፈናቸው። ጎኔን ስሰጣቸው ጠፋ፤ ጧፉ ግን እንዳለ አለ። ከዚያ የስማዳን ቁልቁለት፣ ከዚያ ድንቾቹን፣ ከዚያ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይቀጥሉ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ የወዳጅ ጥያቄ ነበር።

ውጭ አስወጥተውን ከጠበቅን በኋላ በሩን የከፈተችው አማካሪዬ ናት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ መምህር። አለፉ። ያውም በከፍተኛ ውጤት!»

የኔታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱት። «ጨረሰ!» አሉ። ሌላ ምንም። የድጓውን ጅምር ያየ ሰው «ጨረሰ» ሲል፣ ከዚያ ቃል በላይ የምሰቅለው ዲፕሎማ የለኝም። ባለቤቴ ግን ሰቅላዋለች፤ ጊታሩ ላይ።

ዘንድሮ ጥር ሃያ አንድ እንደገና ጫፉ ላይ ወጣሁ። እታለም አልጠየቀችኝም፣ እኔው ነኝ የወጣሁት። ማዶው ያው በመብራት ተሞልቷል፣ ሁሉም ወደኔ ዞሯል። አሁን ግን አልጮህኩም። ወንዙን ተሻግሮ ወደኛ ዳገት መውጣት የጀመረውን ብቻ ጠበቅኩ፤ ከታጠፉትም መሃል አንዳንዱ መንገድ ሲጠመዘዝ ብልጭ እያለ ራሱን አሳወቀኝ። ከቁልቁለቱ መብራት ላይ የሚታጠፈውን ድርሻ ቀነስኩና ጮህኩ፦

«እታለም! የታረደው ይበቃል! አትጨምሪ!»

«ርግጠኛ ነህ?»

«ማስተርስ አለኝ!»

«እኔን የሚያስፈራኝ እሱ አይደል!»

ግን አልጨመረችም። ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሁሉም በላ፣ ሁሉም ጠገበ። የመጨረሻው እንግዳ ተነሥቶ ሲመርቅ ድስቱም አብሮ አለቀ። እታለም ወደ ድስቱ አየች፣ ወደኔ አየች፣ ሳቀች። ለኔ የተረፈኝ የወጥ ጥራጊና ትንሽ ንፍሮ ነበር። የኔታ አጠገቤ ተቀምጠው «ምነው፣ ራስህን መቁጠር ረሳህ?» አሉኝ።

እውነትም ረስቻለሁ። ድስቱን በእንጀራ ጠርጌ፣ ጣቴን ልሼ ተነሣሁ።